ከማረፊያው የተቀዳ ውሃ

በ፳፻፰ ዓ.ም. ጥቅምት፣ ከለቅሶ ስመለስ፣ ከዳንግላ ወጣ ብሎ በሚገኘው የመስኖ ግድብ ዳር ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ደረስሁ። ሰማዩ ዳምኗል። ወንዙ ወደ ግድቡ ከሚገባበት ሥፍራ አንዲት ጊደር ሞታ፣ ሆዷ ተነፍቶ ተጋድማለች።

የጊደሯ ባለቤት ጎረቤቴ አያ ሽባባው ናቸው፤ በእጃቸው ውሃ የተቀዳበት ቅል ይዘዋል። ተከራካሪያቸው ውሃ የምትመረምር ሚልካ የምትባል ወጣት ስትሆን፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ጠርሙስ ትሞላለች።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን!» አሉኝ አያ ሽባባው። «ይህች የጠርሙስ ወዳጅ ለምራቴ የቀዳሁትን ውሃ ድፉት ትለኛለች።»

ምራታቸው እታለማሁ መውለጃዋ ደርሷል። በመንደራችን ልማድ የምንጭ ውሃ ብርድ ነው ተብሎ ለነፍሰ ጡር ይከለከላል፤ የምትጠጣው ወንዙ ደለሉን ጥሎ ከሚጠራበት ሥፍራ የተቀዳውን ነው። ሥፍራውንም «ማረፊያ» እንለዋለን። ባለፈው ዓመት የወለደችው ሕፃን ግን ክርስትና ሳይነሣ ሞቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀብሯል።

«አባቴ፣ ውሃው መጥራቱን አልክድም» አለች ሚልካ።

«ታዲያ ምን ቀረሽ? ላይኛው ድፍርስ፣ ይኸኛው ኩልል ያለ! ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ይኬዳል?»

«እርስዎ ጠላ ሲጠጡ ከጋኑ ሥር ያስቀዳሉ?»

«ደግሞ አተላ ጠጪ አደረግሽኝ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን የወንዙስ አተላ የት ይወርዳል? ከድንች ማሳው የታጠበው ማዳበሪያ፣ እበቱ፣ አፈሩ ሁሉ እየሮጠ ይመጣና፣ ውሃው ሲቆም እዚሁ ይዘቅጣል።»

«ከሥር ይዝቀጥ! እኔ የምቀዳው ከላይ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ለእርሳቸው ፈረድሁ። ልጅቱ ግን አልደነገጠችም።

«የጠለለው ጠላስ ከአተላው ሳይለይ ቢሰነብት?»

«ይሆመጥጣል» አሉ አያ ሽባባው።

«ይህም እንዲሁ ይበላሻል። ወንዙ ድፍርስ ሳለ ፀሐይ አይገባውም። ከግድቡ መካከል ደግሞ ውሃው ስለሚጠልቅ፣ የዘቀጠው ፍግ ከፀሐዩ ይርቃል። እዚህ፣ ወንዙና ግድቡ በሚገናኙበት፣ ፍጉም ፀሐይም ስላሉ ውሃው ያበቅላል።» ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣችው፤ ኩልል ያለ የመሰለን ውሃ እንደ ጎመን ብናኝ ያለ አረንጓዴ ነገር ተንሳፍፎበታል። «አንዳንዱ መርዘኛ ነው። ቀደም ሲል ከዚሁ በወሰድሁት ውሃ መርዙ ተገኝቷል።»

«አፍልተን እናጠጣታለን።»

«ማፍላት ተሐዋሲን ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋውም።»

ሽማግሌው ወደ ጊደራቸው ዞሩ። በአፍንጫዋ ላይ አረንጓዴ ዐረፋ ደርቋል። እኛ የቀድሞ ሰዎች ያየነውን ብቻ ማመን እንደ ክብር እንቆጥረዋለን፤ ዓይናችን የማይደርስበት ነገር መኖሩን ከልጆቻችን መስማትም ይከብደናል።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ፣ «የአምናውስ ሕፃን?»

ሚልካ ጠርሙሱን ዝቅ አደረገች። «አላውቅም፣ አባቴ። ያን ጊዜ ውሃውን የመረመረ አልነበረም።»

ቅሉን ደፍተው ወደ ምንጩ የሚወስደውን ዳገት ተያያዙት።

በሚቀጥለው እሑድ አያ ሽባባው በዕድሩ መካከል ቆሙ። «ምንጩ ይታጠር፤ ከብትም ከማረፊያው ይራቅ» አሉ።

«ብርዱንስ ምን ልናደርገው ነው?» ብለው ወይዘሮ ዘውድነሽ ቢጠይቁ፣ «እሳት ከቤትዎ ጠፋ እንዴ? ሞቅ አድርገው ያጠጡ!» ብለው መለሱላቸው።

እኔም ተነሥቼ፣ በወንዙ ዳርና ዳር ያለው መሬት ሳይታረስ ሣር ቢለብስ አፈሩና ማዳበሪያው ለባለማሳው እንደሚቀር፣ ግድቡም ቶሎ በደለል እንደማይሞላ፣ ሰውና ከብትም ከመርዙ እንደሚድኑ አስረዳሁ። ተስማማን።

እታለማሁ ሴት ልጅ ወለደች፤ በወጉም ክርስትና ተነሣች። በዚያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ለግብዣው ወደ ቤት ሲያመራ፣ አያ ሽባባው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ዞር ብል፣ ከአጥሩ ውጭ ተንበርክከው ከአንዲት ትንሽ መቃብር ላይ አረም ሲነቅሉ አየኋቸው።