አቶ ሌሙኤል ስልኩን እንዴት እሺ ብለው እንደተቀበሉ

አቶ ሌሙኤል ታርቨር በሚሲሲፒ፣ በጥጥ ማሳዎች መካከል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ዳርቻ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በትራክተር ነጂነት የፈጸሙ፣ የማንንም እጅ ሳያዩ የኖሩና በዚህም የሚኮሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የስልኩ ሂሳብ ከጡረታቸው ጋር አልስማማ ቢላቸው አስቆረጡት። «ለምን?» ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ «የምትደውልልኝ ሞታለች» ይሉ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአውራ ጎዳናውን ዳር ይዘው በእግራቸው ሲሄዱ አንዲት መኪና አጠገባቸው ቆመች። የምትነዳው ኬዛያ ነበረች፤ የወዳጃቸው የፀጉር አስተካካዩ ልጅ፣ ኮሌጅ ጨርሳ በከተማው ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ።

«አባባ ሌሙኤል፣ በዚህ ሙቀት ወዴት ነው?»

«ወደ ክሊኒክ። የዓይኔ ቀዶ ሕክምና ተራ ደርሶ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ይህን ለመጠየቅ ይህን ሁሉ መንገድ በእግር? ይግቡ፣ ላድርስዎት።»

ክሊኒክ ሲደርሱ ነርሷ ስማቸውን ገና እንደሰማች ፊቷ ቅጭም አለ። «አቶ ታርቨር፣ ተራዎ እኮ ባለፈው ሳምንት ደርሶ ነበር። ይደወልልኝ ብለው የሰጡን የሰፈርዎ ሱቅ ቁጥር አያነሳም፤ ሱቁ ተዘግቷል አሉ። ብናጣዎት ለሌላ ሰው ሰጠነው። አሁን እንግዲህ እስከ መኸር መጠበቅ ነው።»

አቶ ሌሙኤል «አይ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» ብለው ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ኬዛያ በመኪናዋ መለሰቻቸው። ዓይናቸው ከደፈረሰ ቆይቷል። ባለፈው እሑድ እንኳ ቄሱ ሌላ ሰው መስለዋቸው «ቄሱ ዛሬ ቀሩ እንዴ?» ብለው ራሳቸውን ቄሱን ጠይቀዋል።

ቤት ሲደርሱ እንግዳ ሳይጋበዝ መሸኘት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነውና ኬዛያን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ቀዝቃዛ ጣፋጭ ሻይ አመጡላት።

«አባባ፣ አንድ ነገር ብናገር ይቆጡኛል?»

«ምን እንደሆነ ሳልሰማ እንዴት እቆጣለሁ? ተናገሪ።»

«ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የስልክ ሂሳብ የሚያቃልልበት ድጋፍ አለ። በዚያ ድጋፍ ስልኩን ከነአገልግሎቱ ያለ ክፍያ የሚሰጡ ኩባንያዎችም አሉ። እርስዎ የመንግሥት የሕክምና ድጋፍ ካርድ ስላለዎት ይገባዎታል።»

«ምጽዋት ነዋ፣ በአጭሩ። ልጄ፣ እኔ እስከ ዛሬ እጄን የዘረጋሁት የትራክተር መሪ ለመጨበጥ ብቻ ነው። ካርዱንም ቢሆን የተቀበልሁት ሚስቴ አስምላኝ ነው።»

«ስልክ በነበረዎት ጊዜ ሂሳቡ ግርጌ ላይ አንዲት ትንሽ ተጨማሪ ክፍያ ነበረች። ትዝ ትልዎታለች?»

«እንዴት አትለኝ! ምን እንደሆነች ሳይነግሩኝ ስንት ዓመት ገፈገፍኳት።»

«ድጋፉ የሚመጣው ከእሷ ነዋ። ለዓመታት ድስቱ ውስጥ ሲጨምሩ ኖረው፣ ዛሬ ሲጨለፍልዎት የሰው ምግብ ነው ይላሉ?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። «ይሁን። ግን ከእኔ የባሰ ችግረኛ አለ። የእሱን ድርሻ አልነጥቅም።»

«መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኛል። እርስዎ ስለተዉት ለሌላው የሚጨመርለት የለም። ለመሆኑ ልጅ ሳሉ መብራት አባትዎ ቤት የገባው በማን ገንዘብ ነው?»

«መንግሥት አበድሮ፣ ገበሬዎቹም በማኅበር ሆነው ነው ያስገቡት።»

«አባትዎ ታዲያ አምፖሉን ሲያበሩ አፈሩ?»

አቶ ሌሙኤል ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሳቸው ሊያፍሩ? ጎረቤት እንዲያይላቸው ቀን በፀሐይም አያጠፉትም ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ ኩራት መልካም ነገር ነው፤ ሰውን ከስንፍና ይጠብቃል። ነገር ግን ሰው በኩራቱ ብዛት የራሱን መብት ምጽዋት ብሎ ከጠራ፣ ኩራቱ ጌታው ሆነበት ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የተባለውም እንዲህ ላለው የጋራ ነገር ነው።

አቶ ሌሙኤል ግን ገና አንድ ጥርጣሬ ቀርቷቸው ነበር። «አምና ገበያው በር ላይ ድንኳን ተክሎ ‹ነጻ ስልክ› የሚል ጎረምሳ መታወቂያ ቁጥሬን ሁሉ ንገረኝ አለኝ። ጥዬው ሄድሁ።»

«ያላወቁትን መጠርጠርዎ ደግ ነው። እኛ የምናመለክተው በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር፣ በራሱ በመንግሥት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ነው። ለማመልከት ክፈሉ የሚል ካለ አጭበርባሪ ነው። ለአንድ ቤት አንድ ብቻ ይሰጣል፤ በየዓመቱም አሁንም ይገባዎት እንደሆነ ይጣራል። ነጻውን ስልክ ደግሞ ወር ሙሉ ሳይጠቀሙበት ከቆዩ ይቋረጣል።»

«ወይ ጣጣ! በዚህ ዕድሜዬ ወሬኛ ልታደርጊኝ ነው እንዴ?»

«ትንሽ ወሬ አይጎዳዎትም።»

ሽማግሌው ወደ ማሳው ዞሩ። ከዓይናቸው መደፍረስ የተነሳ ጥጡና ሰማዩ አንድ ሆነው ይታዩዋቸው ነበር። በመጨረሻ «ቤተ መጻሕፍቱ ነገ ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ብለው ጠየቁ።

ማመልከቻው አላስቸገረም። ስልኩ እንደመጣ ኬዛያ ቁጥሩን ለክሊኒኩ አስመዘገበችላቸው። ብዙም ሳይቆይ ነርሷ ደወለች፤ አንድ ታካሚ ቀርቶ ቦታ ተገኝቷል፣ ይምጡ አለቻቸው። እነሆ መኸር ሳይገባ የአንደኛው ዓይናቸው ብርሃን ተመለሰ። አውሎ ነፋስ ሲመጣ ማስጠንቀቂያው ይደርሳቸዋል፤ መድኃኒት ሲያልቅባቸው ደውለው ያዝዛሉ፤ ቢወድቁም እርዳታ የሚጠሩበት ከኪሳቸው አለ። ከጎረቤቶቻቸውም መካከል የሳቸውን አይተው ያመለከቱ አልጠፉም።

ዓይናቸው በዳነ ሰሞን አንድ ቅዳሜ፣ ሜምፊስ ለምትኖረው ለታናሽ እኅታቸው ለአርሌታ ደወሉ። ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ድምፅዋን ሰምተው አያውቁም ነበር።

«ሌሙኤል?» አለች። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ምንም። ምሳ ምን በላሽ ልልሽ ነው።»

አርሌታ ወንበር ስትስብ ተሰማቸው፤ የበላችውንም ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።