ልጄ የዘጋችብኝ ስልክ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ እታለማሁ ወልደየስ
ዕድሜ፦ 63
አድራሻ፦ ዋይት ሲቲ፣ ምዕራብ ለንደን
ሥራ፦ በጤና ምክንያት ሥራ ያቆሙ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማርች 14 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ሃርግሪቭ
አስተርጓሚ፦ አቶ ሬድዋን ከማል

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ነው። ይህንን ቃል የምሰጠው ትናንት እሑድ በቤቴ በር ላይ ስለተፈጠረው ነገር ነው። ልጄ ብሩክታዊት እኔ ላስተርጉምላት ብላ ነበር። እኔ ግን ሌላ ሰው ይምጣልኝ ብዬ ስለጠየቅሁ አቶ ሬድዋን ቀርበውልኛል።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ኤርምያስ ብርሃኑ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ታናሿ ብሩክታዊት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን ከእኔ ጋር ትኖራለች። ባለቤቴ ከምርጫ 97 በኋላ ከአገር ወጥቶ እዚህ ጥገኝነት ሲያገኝ ልጆቹን ይዤ ተከተልኩት። እሱ በ2019 መጀመሪያ አርፏል።

ኤርምያስ አባቱ ከሞተ በኋላ መጠጥ አበዛ። በአባቱ ሙት ዓመት ዕለት ሰክሮ መጣና እንግዳ ፊት ከእህቱ ጋር ተጣላ፤ ምግብ የቀረበበትን ጠረጴዛ ገለበጠ። እኔ ራሴን ስቼ ወደቅሁና በአምቡላንስ ሆስፒታል ተወሰድኩ። ይህንን አልደብቅም። እሱ ከዚያ በኋላ ለንደንን ለቆ ሄደ። ወዴት እንደሄደ አልነገረኝም፤ በነበረኝ ቁጥር ስደውልም አይሠራም ነበር።

ወዲያው ሎክዳውን መጣ። ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፤ ሰው ሰው ቤት መሄድ ቀረ። እኔም በስልኬ ስብከት ስሰማና የአገር ቤት ዜና ስከታተል ሳልተኛ ይነጋ ጀመር። የደም ግፊቴ ጨመረ። የሰፈሩ ሐኪሜም እንቅልፍ ያስፈልግሻል አለችኝ። ብሩክታዊት ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። አንድ ቀን «እማዬ፣ ስልክሽ ላይ አንድ አፕ ልጫንልሽ። ዩቲዩብን ሊሚት ያደርግልሻል፤ ሰዓትሽን ስትጨርሺ ራሱ ይዘጋል» አለችኝ። እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። የሚስጥር ቁጥሩንም አንቺው ያዢው ያልኳት እኔ ራሴ ነኝ፤ ካወቅሁት መልሼ እንደምከፍተው ስለማውቅ ነው። ጠቅሞኛልም። እንቅልፌ ተመለሰ። ለማውቀው ሰው ሁሉ «ልጅ እንደ ብሩክቲ ነው» እያልኩ አወራ ነበር።

ኤርምያስ ግን አልደወለም። ፋሲካ አለፈ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ፣ ድምፁ የለም። ለብሩክታዊት «ወንድምሽን ፈልጊልኝ» ስላት «ሲፈልግ ራሱ ይደውላል» ትለኛለች። ባለፈው በጋ ኤርምያስ ከጓደኛው ጋር ይኖርበት የነበረውን ቤት ልጠይቅ ብዬ ሳልነግራት በአውቶቡስ ሃክኒ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ገና ከአውቶቡሱ ሳልወርድ ደወለችና «እማዬ፣ ሃክኒ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። ማን ነገረሽ ስላት ያለሁበትን የሚያሳያት አፑ እንደሆነ ነገረችኝ። «ብትወድቂ እንዳገኝሽ ነው» አለችኝ። ደንግጬ ነበር። በኋላ ግን ለእኔው አስባ ነው ብዬ ተውኩት። ቤቱንም ባንኳኳ የማላውቀው ሰው ነው የወጣው፤ ጓደኛው ከለቀቀ ቆይቷል አለኝ።

ዘንድሮ በገና ዕለት ማዕድ ቀርቦ እህል አልወርድ አለኝና አለቀስኩ። «ሞቶ ይሆን?» አልኳት። ብሩክታዊት አጠገቤ ተቀምጣ እንባዬን በሶፍት ጠረገችልኝ። «አልሞተም እማዬ፤ ረስቶሽ ነው። አንቺም እርሺው» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ያለበትን ታውቅ እንደነበር የተረዳሁት ትናንት ነው።

ትናንት ከቅዳሴ ተመልሰን በእንግሊዝ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ገደማ ደወል ተደወለ። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ ሽሮ እየነፋሁ ነበር። የከፈተችው ብሩክታዊት ናት፤ ሰንሰለቱን ሳታወልቅ ነው የከፈተችው። የወንድ ድምፅ «እናቴን አንዴ ልያት፤ አልገባም፣ እዚሁ ቆሜ» ሲል ሰማሁ። እሷም «ልታይህ አትፈልግም፤ ሂድ» አለችው። «እሷ ራሷ ትበለኛ!» አለ። ልጄ እንደሆነ ያን ጊዜ ለየሁት። ስሙን ጠርቼ ተነሣሁ፤ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ግን ቶሎ መድረስ አልቻልኩም። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ብሩክታዊት በሩን እየዘጋች ነበር። ኤርምያስ የበሩን መስታወት በቡጢ መታው፣ ተሰበረም። የሰበረው እሱ ነው፤ አይቻለሁ።

መስታወቱ ሲረግፍ ብሩክታዊት ወደ ኋላ ስትሸሽ የጫማ መደርደሪያው ጠልፎ ጣላት፤ እጇ ላይ ወደቀች። ገፍቶኝ ነው ብላ ለፖሊስ ቃል መስጠቷ ተነግሮኛል። እሱ ያን ጊዜ ገና ውጭ ነበር፤ በሩም በመካከላቸው ነበር። በድንጋጤ እንደዚያ መስሏት ይሆናል። እኔ ግን ሲገፋት አላየሁም።

ሰንሰለቱን አውልቄ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እጁ ይደማ ስለነበር አስገብቼ በፎጣ ጠቀለልኩለት። መጠጥ መጠጥ አይሸትም ነበር። ሊድስ ከተማ መጠጥ የሚያስተው ቦታ ገብቶ እንደዳነ፣ አሁን እዚያው ዳቦ ቤት እንደሚሠራ ነገረኝ። «ታዲያ እናትን እንዲህ ይረሳሉ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ የረሳሁሽ? በየእሑዱ ስደውል የማታነሺው አንቺ ነሽ።»

«አንድም ቀን አልደወልክም!»

«እማዬ ሙች፣ ደውያለሁ!» አለና ባልተጎዳው እጁ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሬን መታ። ድምፁን ከፍ አደረገው። በእሱ ስልክ በኩል ይጠራል፣ ይጠራል። የእኔ ስልክ ፊት ለፊታችን ጠረጴዛው ላይ ነው። አልጮኸም፤ መብራቱም አልበራም። አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ምንም የለም። ሦስታችንም ቆመን የእሱ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ እስኪቋረጥ አዳመጥን።

ወደ ብሩክታዊት ዞሬ «ያ አፕ ነው?» አልኳት። ወለሉን እያየች «አዎ፤ ብሎክ አድርጌዋለሁ» አለች። «ያን ቀን ወለል ላይ ወድቀሽ ትንፋሽሽን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ እንደዚያ ላይሽ አልፈልግም ነበር።»

«መጠጥ መተዉን ታውቂ ነበር?»

«ከሊድስ አዲስ ስልክ ቁጥሩን ጨምሮ ጽፎልኝ ነበር። አላመንኩትም።»

ኤርምያስ እጅ አልሰነዘረባትም፤ አልሰደባትም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ብዙ ሳይቆይ ጎረቤት የጠራቸው ሁለት ፖሊሶች መጡ። ፎጣዬ እጁ ላይ እንደተጠቀለለ ካቴና አድርገው ወሰዱት። ዳኛ ይፍረደኝ፣ ልጄን ያየሁት ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል እንኳ አይሆንም።

ምን እንደተሰማኝ ተጠይቄያለሁ። ልጄ አታለለችኝ። እኔ ዩቲዩብ ዝጊልኝ ብዬ ሙሉ ስልኬን አምኜ ሰጠኋት፤ እሷ የወለድኩትን ዘጋችብኝ። ፊት ለፊት «እንዳታገኚው» ብትለኝ ኖሮ እንጣላ ነበር፤ ተጣልተንም እንታረቅ ነበር። እሷ ግን እያለቀስኩ እያየች ዝም አለች። ልጄ ጠላኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቴን ስፈልግ፣ ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማኝ ነበር። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይህን እንዴት እንደቻለችበት አልገባኝም።

ትናንት ማታ ከእሷ ጋር በአንድ ቤት አድረናል። ዛሬ ጠዋት «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለችኝ። ስልኬን ከጠረጴዛው አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ልቀጣት ብዬ አይደለም።

ኮንስታብሉ ብሩክታዊት ያደረገችው ነገር ራሱን ችሎ ሊያስጠይቃት እንደሚችል አስረድቶኛል። እሷን መክሰስ አልፈልግም። ኤርምያስም በመስታወቱ እንዲከሰስብኝ አልፈልግም። ስልኬን አፑ እንዲታይ በፈቃዴ ለፖሊስ አስረክቤያለሁ።

እኔ ምስክር ስለሆንኩ ኤርምያስ በዋስ ቢወጣም ጉዳዩ እስኪያልቅ ከእኔ ጋር እንዳይገናኝና እንዳይደውል ሊታዘዝ እንደሚችል ተነግሮኛል። ይህንን እቃወማለሁ፤ መቃወሜም እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። ሁለት ዓመት ሳላውቅ ተከልክያለሁ። አሁን ደግሞ ለእኔ ተብሎ ልጄን የሚከለክለኝ ሌላ ሰው አልፈልግም። ድምፁን መስማት እንደምፈልግና እንደማልፈልግ የሚጠየቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ቃሌ በአማርኛ ከተጻፈ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ያልኩት እንደሆነ አረጋግጫለሁ። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቃለሁ። የሁለቱም እናት ነኝ፤ ለአንዳቸው ብዬ የጨመርኩት፣ ለአንዳቸውም ብዬ ያስቀረሁት የለም።

የምስክሯ ፊርማ፦ እታለማሁ ወልደየስ
የአስተርጓሚው ፊርማ፦ ሬድዋን ከማል
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ኮንስታብል ሃርግሪቭ