የጋሽ ዓለሙ «ቴክ»

እስቲ ዛሬ እኔው ላይ ሳቁ። ደባርቅ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ ቱሪስት አስጎበኛለሁ። አንዲት ፈረንጅ ይዘን ሰሜን ተራሮች ላይ ወዳለችው አምባራስ ስንወጣ በቅሎ የሚጭኑልን ጋሽ ዓለሙ «ለፈረንጇ የምላት አንድ ቃል ስጠኝ» አሉኝ። «ቴክ በሏት፣ ውሰጂ ማለት ነው» አልኳቸው። መምህር አይደለሁ፣ በዚያ አልበቃኝም፤ የቃሏን ሌላ አስራ ምናምን ትርጉም መንገዱን ሙሉ ስተነትንላቸው ዋልኩ።

ድንገት በረዶ ወረደብን። የሴትዮዋ ካፖርት ከጭነቱ ሥር ነው፤ በስስ ሸሚዝ ተንቀጠቀጠች። ጋሽ ዓለሙ ጋቢያቸውን አውልቀው «ቴክ!» አሏት። ቆሎ ከኪሳቸው ዘገኑና «ቴክ!» ዱላቸውንም «ቴክ!» እሷ በብርዱ መሀል ሳቋን ለቀቀችው። እኔ የዝናብ ልብሴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ቆሜያለሁ። አፈርኩ። አወለቅኩና ለጋሽ ዓለሙ ዘርግቼ «ቴክ» አልኳቸው።

በረዶው እየወረደባቸው ከት ብለው ሳቁ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ አሁን ገባህ!»