ከኮምባይነሩ ባትሪ ላይ ስለተፈታው ገመድ የተሰጠ ቃል

ቃል ሰጪ፦ የኮምባይነር ኦፕሬተር፣ በሥራ ቦታው «ነጭናጫው» በሚል መጠሪያ የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 47
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባለትዳር
አድራሻ፦ በእርሻው ግቢ ውስጥ፣ ከማሽን መጋዘኑ ጀርባ ያለው ሁለተኛው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20

በዚህ እርሻ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከማሽን ብልሽት ይልቅ ጨጓራዬን የላጡት ድመቶች ናቸው። መርማሪው ስንት እንደሆኑ ጠይቀውኛል፤ እርግጡን መናገር አልችልም። ጠዋት ዘጠኝ ቆጥሬ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሦስት የማገኝበት ቀን አለ። የገዛቸውም የጠራቸውም ሰው የለም፤ እህሉን ብሎ አይጥ መጣ፣ አይጡን ብለው እነሱ መጡ። የእርሻው ባለቤት «አይጥ ይይዙልናል» ይላል። እኔ የማያቸው ግን የትራክተሩን ወንበር ቦጫጭቀው ስፖንጁ ላይ ተኝተው፣ የአየር ማጣሪያው ላይ ሸንተው ነው። ሞተር ጠፍቶ ገና ሳይበርድ ሙቀቱን ፈልገው ውስጥ ይገባሉ። ዓምና አንዷ በማራገቢያው ማዞሪያ ቀበቶ፣ በቺንጋው፣ ተይዛ የሆነችውን ሆነች፤ ያጸዳሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ማሽን ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑን በብረት ሦስት ጊዜ መምታትና እስከ ሃያ መቁጠር ደንብ ሆኗል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ስሆን ድመት ወድጄ ሳይሆን ማጽዳቱ አንገፍግፎኝ ነው። ሁሉም ያከብረዋል፤ የማያከብረው የባለቤቱ የእህት ልጅ ብቻ ነው። እሱም ማሽን ይነዳል፤ ስንጠራው «ቸኮል» ነው የምንለው፣ ሃያ ቀርቶ ሁለት መቁጠር አይችልም።

ገመዱን ፈትቷል የተባለውን ተጠርጣሪ አውቀዋለሁ። የእርሻው መካኒክ ሲሆን የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ «ካንዴላ» እንለዋለን። አራት ዓመት በእኔ ቤት ኖሯል። ባለፈው እሑድ በእርሻው ባለቤት ፊት «ድመት ያለበትን ማሽን አስነሳ ካላችሁኝ እጄን አላነሳም» ብሎ መናገሩ እውነት ነው። የተጠረጠረውም በዚህ ነው።

ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ማሽን መጋዘኑ ገባሁ። የኮምባይነሩን ኮፈን ሦስት ጊዜ መትቼ ቆጠርኩ። አንዲት ግራጫ ድመት ወጣች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች። በዚህን ጊዜ ደሜ ፈላ። የጎኑን ክዳን ስከፍት ከባትሪው ሳጥን ጀርባ፣ ገለባ ላይ፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ አራት ልጆች ተኮልኩለዋል። እጄን ስከት ቧጨረችኝ፤ ጭረቱን ለመርማሪው አሳይቻለሁ።

ወጥቼ ለእርሻው ባለቤት ነገርኩት። እሱ ሰማይ ሰማይ እያየ ነበር፤ ዘጠኝ ሄክታር ስንዴ አልታጨደም፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል ተብሏል። «ሳጥኑን ፈትቼ ላውጣቸው፣ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» አልኩት። «አንተ ከተማ ሂድና የማጨጃውን ምላጭ አምጣ፤ ማሽኑን ቸኮል ያስነሳል፤ ለድመት ብዬ እህሌን አላበሰብስም» አለኝ። ወደ ከተማ የሚወስደኝ መኪና ክላክስ እያሰማ ይጠብቀኝ ነበር። እኔም መሣሪያዬን አነሳለሁ ብዬ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩና የባትሪውን ገመድ በአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ፈትቼ ከባዶ ጆንያዎቹ ሥር ከተትኩት። ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ።

ሐሳቤ እናቲቱ ከተነካች እስከ ረፋዱ ድረስ ራሷ ታዛውራቸዋለች፣ እኔም 5 ሰዓት ላይ ተመልሼ ገመዱን አስራለሁ የሚል ነበር። ለምን ለሰው እንዳልነገርኩ ተጠይቄአለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ድመት ስራገም የኖርኩ ሰው «ለድመት ብሎ ማሽን አቆመ» ተብዬ መሳቂያ እንዳልሆን ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከተማ ስደርስ የመለዋወጫ ሱቁ ተዘግቷል። ሻጩ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ በስልክ እስከ 7 ሰዓት ጎለተኝ። መንገድ ላይ ሳለን ዝናቡ ጣለ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ስንዴው መሬት ላይ ተኝቷል። ባለቤቱ መጋዘኑ ውስጥ ቆሞ «ማነው የሠራኝ?» እያለ ይጮኻል። ካንዴላ ገመዱን የሚተካ ሌላ እንደሌለ ሲነግረው ጭራሽ ጥፋቱን እንዳመነ ቆጠረበት። ወደ እኔ ዞሮ «ከአንተ በኋላ እዚህ የገባ ማነው?» ሲለኝ «ካንዴላ ሳይሆን አይቀርም፣ ጠዋት ጠዋት ግሪስ ይቀባል» አልኩ። መግባቱ እውነት ነው። ያልኩት ግን ራሴን ለማዳን ነው። የምኖርበት ቤት የእርሻው ነው፤ ሥራዬን ባጣ በማግስቱ ሚስቴና ልጆቼ ሜዳ ላይ ናቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ፖሊስ መጥቶ ካንዴላን ወሰደው። እኔም እዚያው ለፖሊስ ያንኑ ደግሜ ተናገርኩ። ከዚያ ሰው ሳያየኝ ገመዱን ወደ ቦታው እመልሳለሁ ብዬ ብገባ ግራጫዋ አራቱንም ልጆቿን ተሸክማ ወስዳ ገመዱን የደበቅሁበት ጆንያ ላይ አስተኝታቸዋለች። ጠጋ ስል ጮኸች፣ ሠራተኞች መጡ፣ ባዶ እጄን ወጣሁ። ከመጋዘኑ ስፋት ሌላ ቦታ አጥታ ነው? እርር ድብን አልኩ። ገመዱ አሁንም እዚያው ነው፤ የሚያመጣው ፖሊስ ጓንት ያድርግ።

ትናንት ረቡዕ ሚስቴ አልቅሳ አልቅሳ ራሷን ስላመማት ምሳውን ወደዚህ ጣቢያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ካንዴላ ሳህኑን ተቀብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ገመዱን ስትደብቅ አይቼሃለሁ። ግሪስ ልቀባ በሩ ላይ ነበርኩ» አለኝ። «ታዲያ ለምን አትናገርም?» ስለው «አንተ ትናገራለህ ብዬ ነዋ። ትናንት ጠበቅኩህ፤ ዛሬ ስትመጣ ተገላገልኩ ብዬ ነበር፣ ለካ ምሳ ነው ያመጣኸው» አለኝ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማክሰኞው ቃሌ እንዲሰረዝ ጠይቄ ነበር፤ መርማሪው አንዴ የተጻፈ ቃል እንደማይሰረዝ ነግረውኛል። ስለዚህ ሁለቱም በመዝገቡ ይኖራሉ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ታስሬ እንደምቆይ ተነግሮኛል፣ አልተቃወምኩም። አንድ ነገር ብቻ ለምኛለሁ፦ የጣቢያው ማረፊያ ክፍል አንድ ስለሆነ፣ ካንዴላ ሳይወጣ እኔን እንዳያስገቡኝ። በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ከላይ የተጻፈው ቃል ቃል በቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ አንደበት የሰጠሁት ነው፤ ከእውነቱ የቀነስኩት የለም፣ ካሁን በፊት ከቀነስኩት በስተቀር። ይህንኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ፈርሟል