ልብስ ገፋፊዋ ቁልፍ

ኮምቦልቻ ገበያው መግቢያ ላይ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ ረፋድ ላይ፤ የቀድሞው የጭነት መኪና ሹፌር ጋሽ አስናቀ፣ ነገ አርባዋ የሚወጣላትን የባለቤታቸውን የወይዘሮ እታፈራሁን የሕይወት ታሪክ ለማሳተም መጥተው ከጸሐፊዋ ከብርዛፍ አጠገብ ተቀምጠዋል።

አስናቀ፦ ሚስቴን ዳርሻት እንዴ? ይሄ የሠርግ ጥሪ ነው እንጂ የሟች ታሪክ አይደለም።

ብርዛፍ፦ እኔ ምን አደረግሁ ጋሽ አስናቀ?

አስናቀ፦ እዚህ ጋ ወርቅማ፣ እዚያ ጋ ደም የመሰለ ቀይ፣ ታች ደግሞ ዝንብ የምታህል ፊደል። መነጽሬን ብረሳም ቀለም አልስትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና መብራት ከሩቅ እየለየሁ ነው የነዳሁት።

ብርዛፍ፦ እኔ አልቀባሁትም። ልጅዎ ከአዋሳ የላከችው ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። ዘመድ ሁሉ እየገባ የየድርሻውን አስቀምጦበታል። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀድቼ ለነገ በምናትማት መጽሔት ላይ ስለጥፈው፣ ፊደሉ ከነልብሱ ነው የሚመጣው።

አስናቀ፦ ፊደል ደግሞ ምን ልብስ አለው?

ብርዛፍ፦ ቀለሙ፣ መጠኑ፣ ውፍረቱ። ይሄ ወርቅማው ለምሳሌ የማን ነው? «ክብርት አክስታችን» ብሎ የሚጀምረው።

አስናቀ፦ የእህቴ ልጅ ነው፣ አቤኔዘር። ባለፈው ጥር ነው ያገባው።

ብርዛፍ፦ በቃ፣ በራሱ የሠርግ ጥሪ ላይ ነው የጻፈው። ዳር ላይ ሁለት ቀለበት ቀርቶበታል።

አስናቀ፦ ለቅሶ ቤት በሙሽራ ካባ። ቀዩስ?

ብርዛፍ፦ የዕድሩ ሊቀመንበር። ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ ሳይገለብጡት አይቀርም። «ደግና ርኅሩኅ ነበሩ» የሚለው በቀይ ተሰምሮበታል።

አስናቀ፦ እሱማ ደግነትንም በማስጠንቀቂያ ነው የሚናገረው። ይሄ ግማሽ ገጽ የያዘው ትልልቁ የአማቼ መሆን አለበት።

ብርዛፍ፦ በምን አወቁ?

አስናቀ፦ ሲደውልም እንደዚሁ ነው። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነው የምሰማው። በይ ሁሉንም አስወልቂልኝ። ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነን፣ ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ፊት ይነበባል። ቶሎ በይ፤ ቤት የተውኩት ነገር አለ።

ብርዛፍ፦ ቀላል ነው። ኮንትሮልና ቪ የሚባሉትን ቁልፎች ብቻ ከነካሁ ከነልብሱ ይገባል። መሀል ላይ ሺፍት ከጨመርኩበት ግን ራቁቱን ይገባል።

አስናቀ፦ ሽፍታ?

ብርዛፍ፦ ሺፍት። ይቺ ቁልፍ።

አስናቀ፦ ታዲያ ምን ለያት? እኔንም ሚሌ ማዶ መንገድ ዘግተው ሸሚዜን ገፈውኛል። ሱሪዬን አሳዘንኳቸውና ተዉልኝ።

ብርዛፍ፦ ይቺ አታዝንም። ነፍስ ግን አትነካም፤ ቃሉ አንድም ሳይጎድል ይገባል። ብቻ መርጣ አትገፍም፤ ጌጥ የተባለውን ሁሉ ነው የምትወስደው።

አስናቀ፦ ትውሰድ። ሞት ፊት ሁሉም እኩል ነው። አማቼንም አሳጥሪልኝ።

ብርዛፍ፦ ይኸው። አለቀ።

አስናቀ፦ አሁን ሰው መሰለ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ልክ ልኩን። እሷም ለቅሶ ቤት አሸብርቆ የመጣ ሰው አትወድም ነበር።

ብርዛፍ፦ እንግዲህ የፊደል ግድፈት ካለ ያንብቡልኝ።

አስናቀ፦ መነጽሬን ጓዳ ረሳሁት አልኩሽ።

ብርዛፍ፦ መነጽር ጓዳ ምን ይሠራል?

አስናቀ፦ ማለቴ፣ በጓዳው በኩል ባለው መስኮት ላይ ነው። አንቺ አንብቢልኝ።

ብርዛፍ፦ ዓይንዎም ቀልቷል። ሲያለቅሱ ነው ያረፈዱት?

አስናቀ፦ ምን ላድርግ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ብርዛፍ፦ እጅዎም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

አስናቀ፦ ጆንያውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ልጄ፣ ጸሐፊ ነሽ ወይስ ትራፊክ? አንብቢ።

ብርዛፍ፦ እሺ። ልደቱን፣ ጋብቻውን አየሁት፤ ደህና ነው። ዕድሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «የወይዘሮ እታፈራሁን ቀይ ወጥ የቀመሰ አባል ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። በተዝካሩም በክርስትናውም፣ የእሳቸው ድስት እስኪመጣ የሌላውን የሚነካ አልነበረም።»

አስናቀ፦ እዚህ ላይ ፊደሉን ወፈር አድርጊው።

ብርዛፍ፦ ሁሉም እኩል ነው አላሉም?

አስናቀ፦ ለሊቀመንበሩ ብዬ ነው እንዴ? ለእሷ ነው። ስሟ የተተከለው በዚያ ወጥ ነው። ከሐርቡ ድረስ ሰው ይጠራት ነበር።

ብርዛፍ፦ አወፈርኩት። የመጨረሻው ራሳቸው ወይዘሮ እታፈራሁ የጻፉት ነው ይላል።

አስናቀ፦ አዎ። ተኝታ በነበረ ጊዜ፣ ልጃችን በሰጠቻት ታብሌት በአንድ ጣቷ ለቅማ የጻፈችው። «ሌላ ሰው በእኔ ላይ ከሚዋሽ እኔው እውነቱን ልናገር» አለች።

ብርዛፍ፦ «ሰው ሲሞት ሁሉ ደግ ነበር ይባላል። እኔ ነገረኛ ነበርኩ፤ ይቅር በሉኝ። ከጎረቤቴ ከአሰለፈች ጋር በዶሮ ምክንያት ሁለት ዓመት ተኳርፈናል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዶሮዋ ግን ጎመኔን በልታለች።»

አስናቀ፦ እሷ ናት። ይቅርታ ስትጠይቅም ዶሮዋን አትለቃትም።

ብርዛፍ፦ «አሁን ደግሞ አርባ ዓመት የያዝኩትን...»

አስናቀ፦ ይበቃል። ዶሮዋ ላይ ያልቃል።

ብርዛፍ፦ አያልቅም፤ ገና አምስት መስመር አለ።

አስናቀ፦ የለም። ተሰርዟል።

ብርዛፍ፦ የተሰረዘ ነገር አላይም።

አስናቀ፦ እኔ ራሴ ነኝ የሰረዝኩት እያልኩሽ። ልጄ በስልክ እየነገረችኝ፣ በዚህ ጣቴ፣ በቃሉ ሆድ ላይ መስመር ሰድጄበታለሁ። ሄዷል።

ብርዛፍ፦ ወይ ጉድ።

አስናቀ፦ ምን ሆንሽ?

ብርዛፍ፦ ሰረዙም ልብስ ነው ጋሽ አስናቀ። ሺፍቷ ገፈፈችው። ቃሉ ግን ይኸው፣ ጤናውን ተቀምጧል።

አስናቀ፦ መስመሩን ብቻ ወስዳ?

ብርዛፍ፦ መርጣ አትገፍም ብዬዎታለሁ።

አስናቀ፦ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይሉ የለ። በይ አጥፊው። ሳታነቢው አጥፊው።

ብርዛፍ፦ ሳላነብ የቱን እንደማጠፋ በምን አውቃለሁ?

አስናቀ፦ አነበብሽው አይደል።

ብርዛፍ፦ ዓይን ፍሬን የለውም። «አሁን ደግሞ አርባ ዓመት የያዝኩትን ልናዘዝ። ስሜ የተጠራበት ቀይ ወጥ የእኔ አይደለም፤ የአስናቀ ነው። በሹፌርነቱ ጊዜ አሰብ መንገድ ላይ፣ መኪና ጥላ ሥር ተምሮት የመጣ ነው። በሩን ዘግቶ ይሠራል፤ እኔ ድስቱን ይዤ እወጣለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ እሱ ሳሎን ተቀምጦ፣ ከሁሉ ጮክ ብሎ እጅሽን ይባርከው ይለኛል። እኔ ውኃም አሳርራለሁ።»

አስናቀ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። አትታነቂ።

ብርዛፍ፦ በእርስዎ አይደለም፤ «ከሁሉ ጮክ ብሎ» ያሉት ነው ያሳቀኝ። ሠርጌ ላይ እኮ ሲሉ ሰምቻለሁ። ያንን ሁሉ ሰው ያበላው የእርስዎ እጅ ነበር?

አስናቀ፦ በሩን ዝጊውና ሳቂ።

ብርዛፍ፦ ግን ካላስፈለገዎት ያኔውኑ ለምን አላጠፉትም? ከመሰረዝ ማጥፋት ይቀል ነበር።

አስናቀ፦ ሞክሬ ነበር።

ብርዛፍ፦ እና?

አስናቀ፦ አንድ ፊደል አጠፋሁ፤ የመጨረሻዋን። ወዲያው መለስኳት። የእሷ ጣት ነው የጻፈው፤ አንዷን ፊደል ለማግኘት ስትፈልግ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ነበርኩ። ማጥፋቱ እላይዋ ላይ ሌላ አፈር መጨመር ሆነብኝ። ልጄም «አባዬ አታጥፋው፤ መስመር ብቻ ስደድበት» አለችኝ። እኔም ነጠላ እንዳለበስኩት ቆጥሬ አለፍኩ።

ብርዛፍ፦ ልጅዎ ነገሩን ታውቃለች?

አስናቀ፦ እሷማ የሽንኩርት ልጣጭ ስትጠርግ ነው ያደገችው።

ብርዛፍ፦ ብልህ ናት። እሷ ባትኖር ዛሬ ይሄ ቃል የለም ነበር።

አስናቀ፦ ዛሬም የለም። ነይ አጥፊልኝ፤ የአንቺ ጣት አያውቃትም፣ አይከብደውም።

ብርዛፍ፦ ምኑ ነው ያሳፈረዎት? ወንድ ወጥ ሠራ መባሉ?

አስናቀ፦ አንቺ የዛሬ ልጅ ነሽ። እኔ የነበርኩበት የሹፌሮች ማኅበር ውስጥ አንድ ሰው ሽሮ አማሰለ ተብሎ፣ እስኪሞት «ወይዘሮ ታደሰ» ነበር የሚባለው።

ብርዛፍ፦ ከማኅበሩ ዛሬ ስንት ሰው ቀረ?

አስናቀ፦ ከእኔ ጋር ሦስት። አንዱ ጆሮው አይሰማም።

ብርዛፍ፦ እንግዲህ ስም የሚያወጣልዎ አንድ ሰው ቀርቷል።

አስናቀ፦ ስሚ፤ ነገሩ የእኔ ስም አይደለም። ነገ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ወጧን እያነሳ ነው የሚያለቅሰው። ይሄ ሲነበብ ምን ይላል? «ለካ ስታታልለን ኖራለች።» በአርባዋ ቀን አፏን መክፈት በማትችልበት ስሟን ልንቀልባት? ሙት አይወቀስም።

ብርዛፍ፦ ራሳቸው እኮ ናቸው መንቀል የፈለጉት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አስናቀ፦ አርባ ዓመት አድሯል፤ አንድ ሳምንት ቢያድር ምን አለበት።

ብርዛፍ፦ እሺ፣ አጠፋዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። የነገውን ወጥ የሚሠራው ማን ነው?

አስናቀ፦ ሴቶቹ ናቸዋ።

ብርዛፍ፦ የትኞቹ ሴቶች?

አስናቀ፦ የዕድሩ ሴቶች።

ብርዛፍ፦ እናቴ የዕድሩ ሴት ናት። ትናንት አኩርፋ ነው የገባችው። «አስናቀ ወጡን ሆቴል አዝዣለሁ ብሎ መለሰን» አለች።

አስናቀ፦ አዎ፤ ሆቴል ነው። ረስቼው ነው።

ብርዛፍ፦ የትኛው ሆቴል?

አስናቀ፦ አዲስ የተከፈተ አለ።

ብርዛፍ፦ በየት በኩል?

አስናቀ፦ በእኛ በኩል።

ብርዛፍ፦ ከጓዳው መስኮት አጠገብ፣ መነጽርዎን ከረሱበት?

አስናቀ፦ አንቺ ልጅ ፖሊስ ብትሆኚ አገር ሰላም ያድር ነበር።

ብርዛፍ፦ ስንት ሽንኩርት ከተፉ?

አስናቀ፦ አንድ ጆንያ ተኩል።

ብርዛፍ፦ ለብቻዎ?

አስናቀ፦ በፊት እሷ ትልጣለች፣ እኔ እከትፋለሁ። እየላጠች የሰፈሩን ወሬ ትነግረኛለች፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ማንን እንዳማ። ዘንድሮ ልጣጩም እኔ ላይ ወደቀ። ወሬውም ቀረ።

ብርዛፍ፦ ሆቴል ቢያዙ ምን ነበረበት?

አስናቀ፦ በአርባዋ ቀን የሌላ ሰው ወጥ? እንዴት ሆኖ። ሰው ከዚያ ድስት ለምዷል።

ብርዛፍ፦ አዩ? ነገ ያ ሰው ይጎርሳል። ጎርሶ ምን ይላል?

አስናቀ፦ ምን ይላል... «ይሄማ የእታፈራሁ ወጥ ነው» ይላል።

ብርዛፍ፦ እሳቸውስ የት ናቸው? አፈር ከለበሱ አርባ ቀናቸው ነው። ታዲያ ማን ሠራው ሊባል ነው? እኔ አምስቱን መስመር ላጥፋልዎ፤ ድስቱን ግን በየትኛው ቁልፍ ነው የማጠፋው?

አስናቀ፦ ይሄን አላሰብኩትም።

ብርዛፍ፦ ወጡ ቀድሞ ከሚያወራባቸው ራሳቸው ቢናገሩት አይሻልም?

አስናቀ፦ ለካ ቁልቁለት ላይ ሆኜ ነው ፍሬን የምፈልገው። ቆይ፤ መጨረሻዋ ምን ነበር? ያቺ አጥፍቼ የመለስኳት ፊደል ያለችበት።

ብርዛፍ፦ አላነበቡትም እንዴ?

አስናቀ፦ «የአስናቀ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ ጣቴ እንጂ ዓይኔ አልሄደም።

ብርዛፍ፦ «ይሄን የምጽፈው ልቀልድበት አይደለም። እኔ ስሄድ ድስቱን ይዞለት የሚወጣ ሰው ስለሌለ ነው። በሩን ክፈቱለት።»

አስናቀ፦ ይሄኛው እንባ የሽንኩርት አይደለም።

ብርዛፍ፦ አውቃለሁ። ይቺን ሶፍት ይያዙ።

አስናቀ፦ የሚነበበው ከምግቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ብርዛፍ፦ እንደ ፈለጉ።

አስናቀ፦ በኋላ ይሁን። አስቀድሞ ከተነበበማ ጨው አነሰው ይሉኛል።

ብርዛፍ፦ እና ሰረዙን ልመልሰው ወይስ እንዲሁ ይታተም?

አስናቀ፦ እንዲሁ፣ ራቁቱን ይታተም፤ ድስቱንም ነገ ራሴ ይዤ እወጣለሁ። ብቻ ፍጠኚልኝ፣ ሽንኩርቱን እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።