ከክምሩ አምስት እርምጃ

የከብት እርባታው የድርቆሽ ቤት ኃላፊ የገዛ ጥላውን የሚጠረጥር ሰው ነበር። ባልደረቦቹ «አባ ጠርጥር» ይሉታል፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎታል። ታዲያ አንድ ረፋድ ላይ የሟች ወንድሙን ልጅ፣ ያቺን የተማረችውን፣ ሄልሜት አድርጋ፣ ከመውደቅ የሚያድን ቀበቶ በትከሻዋ አንግታ፣ ማስታወሻ ይዛ ከግቢው በር ላይ ሲያገኛት ቢጠረጥር ማን ይፈርድበታል?

«ምን እግር ጣለሽ፣ የወንድሜ ልጅ?»

«ሥራ ነው፣ አጎቴ። ሰው ከፍታ ላይ የሚሠራበትን ቦታ ሁሉ እየዞርኩ አያለሁ። እርስዎ እዚህ መሆንዎን መች አወቅኩ!»

መች አወቅኩ አለች! በሆዱ ግን «ይቺ በባዶ አልመጣችም» አለ። ስድስት ወር ሙሉ ሥራ አስኪያጁን ደጅ ጠንቶ ለልጁ ሥራ አግኝቶላታል፤ ነገ ጠዋት ከእሱ ጋር ቆጡ ላይ ልትጀምር ነው። ይቺ አንድ መስመር ከጫረችበት ያ ሁሉ ልመና ውሃ በላው።

ቆጡ ከላሞቹ ማደሪያ በላይ ያለ የጣውላ ወለል ነው፤ ድርቆሹ እዚያ ይከመራል። የወንድሙ ልጅ ከመውጣቷ በፊት መሰላሉን ነቀነቀችው።

«ጫፉ አልታሰረም፣ አጎቴ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሳይታሰር ቆሟል» አለ፤ ግን ያዘላት።

ላይ ሲደርሱ ዙሪያውን አየች። «ድርቆሹ ወደ ታች የሚጣልበት ቀዳዳ የታለ?»

«ሸፍኜዋለሁ። ላሞቹን ብርድ እንዳይመታቸው ጆንያ አልብሼ፣ በላዩ ድርቆሽ በትኜበታለሁ።» ኩራት ቢጤ ተሰማው።

«አጎቴ! ይኼ እኮ ወጥመድ ነው!»

«ወጥመድ የሚሆነው ለማያውቀው ነው። ከክምሩ ጫፍ አምስት እርምጃ። ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። ለልጄም አስጠንቻታለሁ።»

«ልጅዎም እዚህ ልትሠራ ነው?»

ጆሮው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«አሁን እርስዎ!» ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። «አጎቴ፣ የሚወድቀው ጀማሪ ብቻ አይደለም። የለመደ ሰው ወለሉን ማየት ይተዋል።»

«ድሮ በቀዳዳው ዙሪያ አጥር ነበረ? ቀበቶ ነበረ? ማን ሞተ?»

«ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ ለምን ሥራ ለቀቁ?»

ሰውየው ከዚሁ ቆጥ ወድቀው ወገባቸው ተሰብሮ ነው የለቀቁት። «እሳቸው ቸኩለው ነው» አለ።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ የሰውን ልጅ ሁሉ የሚጠረጥር ሰው የቆመበትን ጣውላ አምኖ ይኖራል!

«ይሁን፣ ይራመዱና ያሳዩኝ» አለች። «ግን ቀበቶዬን ታጥቀው፣ ክምሩ ላይ በተሰካው መንሽም ፊት ፊትዎን እየወጉ።» ከታች ማንም እንደሌለ አየች፤ ላሞቹ ሜዳ ላይ ናቸው። ትከሻና ጭን የሚይዘውን ቀበቶ አሳጠቀችውና ገመዱን ከወፍራሙ ምሰሶ ጋር አሰረችው።

«እንደ ጥጃ ታሰርኩልሽ» እያለ ከክምሩ ጫፍ ተነሳ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛውን ሊራመድ መንሹን ሲወጋ ጆንያው ሰመጠ፤ መንሹ ከእጁ አምልጦ ከታች ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ።

ለካ ትናንት፣ በእረፍት ቀኑ፣ አዲስ ድርቆሽ ገብቶ ክምሩ ሁለት እርምጃ ወደ ቀዳዳው ተጠግቷል። ክምር ሲጨመርበት ይጠጋል፣ ሲቀነስለት ይሸሻል። ይህንን እሱ ያውቃል፤ ጭነት በገባ ቁጥር እንደገና ይለካል። ለልጁ ግን ያስጠናት አምስትን ብቻ ነው።

እያፈገፈገ ሄዶ ክምሩ ሥር ቁጭ አለ። «አምስት ብያታለሁ። አምስት!» አለ። «የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነበር!»

የወንድሙ ልጅ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱም በጎን አያት። «ይህን ጽፈሽ ታስባርሪኛለሽ?»

«እጽፋለሁ። ያንብቡት።»

ሁለት ጊዜ አነበበው፤ የወረቀቱን ጀርባ ሳይቀር ገልብጦ አየ። ስለ እሱ መባረር አንድም ቃል የለም። በቀዳዳው ዙሪያ ወገብ የሚደርስ አጥር ይሠራ፤ ጆንያው ይነሳና በማጠፊያ የሚከፈት የጣውላ ክዳን ይግባ፤ መሰላሉ ከላይ ይታሰር፤ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ቀበቶ ይታጠቅ ይላል።

«ብርዱስ?»

«ጣውላ ከጆንያ ይሻላል፣ አጎቴ።»

«እንግዲያው ቢጫ ይቀባ በይበት። ድርቆሽ ቢበተንበትም ጠርዙ ይታያል።» ጻፈችው።

በማግሥቱ ልጁ አዲስ ቱታዋን ለብሳ መጣች። መሰላሉ ሥር ቆሞ ጠበቃት።

«ዛሬ አትወጪም።»

«አባዬ! ስድስት ወር የለመንክልኝን ሥራ?»

አኮረፈች። ሥራ አስኪያጁም ተቆጣ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። አናጺው ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን አባ ጠርጥር ቀበቶ ታጥቆ አጥሩን በሁለት እጁ ሲነቀንቀው አንድ ምስማር ላላ፤ ያንንም አስመታው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቆጥ የሚሠራ ሰው እርምጃ አይቆጥርም፤ ላሞቹም ብርድ አልነካቸውም። ሥራው እንደሆነ እንዲያውም ፈጠነ፤ በፍርሃት የሚራመድ የለማ!

አጥሩ በጠነከረ ዕለት «አሁን ውጪ» አላት ልጁን። «የለመንኩት እንድትሠሪ ነው፤ እንድቀብርሽ አልለመንኩም።»

ልጅቷ ኩርፊያዋን ረስታ አንገቱን አቀፈችው። ከዚያም የታሰረውን መሰላል ይዛ ወጣች።