በእጅ የተጠገነው ኮንቴይነር

ሰው ንብረቱን ሲነኩበት ይቆጣል፤ ልማዱን ሲነኩበት ግን ይብሳል። የሆስፒታሉ አንጋፋ የሰርቨር ባለሙያ በዚያ ጠዋት ደረጃውን ሲወርዱ ቁጣቸው ከእግራቸው ይቀድም ነበር። የላቦራቶሪው ፕሮግራም ቆሟል፤ ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀች አንዲት እናት የደም ምርመራ ውጤቷን ትጠብቃለች።

ከደረጃው መታጠፊያ ላይ በዚያው ሆስፒታል የሶፍትዌር መሐንዲስ ከሆነችው ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ።

«እንደምን አደሩ፣ አጎቴ?»

«እንደምን ላድር! ያ ሣጥንሽ የትናንት ድካሜን በላው!»

«ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ኮንቴይነር ነው? ምን አድርገውት ነበር?»

«የምርመራ መሣሪያውን መልእክት የሚያነበው የፕሮግራም ክፍል ጎድሎት ነበር። ውስጡ ገብቼ በእጄ ጫንኩለት፤ ሠራ። ዛሬ ብመጣ እጄ እንዳልነካው ሆኖ ጠበቀኝ!»

የልጅቱም ፊት ተለዋወጠ። «አሁንም በእጅዎ? ሌሊት ሰርቨሩ ሲታደስ አሮጌው ኮንቴይነር ተጥሎ ከኢሜጁ አዲስ ተነሥቷል። እርስዎ የጠገኑት የተጣለውን ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የዚህን ቤት ሰርቨር ሳቆም አንቺ በእናትሽ ጀርባ ነበርሽ!»

«ያቆሙት እርስዎ ነዎት፤ ዛሬ ያስቆሙትም እርስዎ ነዎት። ኢሜጅ ማለት ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ታሽጎ የተቀመጠበት ነው፤ አንዴ ከተገነባ አይለወጥም። ኮንቴይነር ከእርሱ ተነሥቶ ይሠራል፣ ይወድቃል፣ በሌላ ይተካል። የጎደለው የሚጨመረው ኢሜጁ በሚገነባበት የጽሑፍ መመሪያ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ሲጣል የሕሙማኑም ውጤት አብሮ ይጣላላ!»

«የለም፤ ውጤቱ የሚቀመጠው ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለው ማከማቻ ነው።»

«እኔ በእጄ ብጭነው አሁኑኑ ይሠራል። ሴትዮዋ ያንቺን ግንባታ ትጠብቅ?»

«ባለፈው እርስዎ ታመው በተኙ ጊዜስ ሕሙማኑ ማንን ጠበቁ? የጠገኑትን የሚያውቅ ጠፍቶ ላቦራቶሪው ተዘጋ። ሕመምተኛ ለመዳን መጀመሪያ የእርስዎን ጤና ይለምን?»

እውነት ከመረረ አፍ ስለ ወጣ እውነትነቱ አይቀርም፤ ይህንንም አዛውንቱ ያውቁ ነበር። ልጅቱን አስከትለው ደረጃውን ተመልሰው ወጡ፤ ኮምፒዩተራቸው ፊት ተቀምጠውም የጎደለውን በግንባታው መመሪያ ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉ። ኢሜጁ ተገነባ፤ አዲሱ ኮንቴይነር ተነሣ።

«የሴትዮዋ ውጤት ደረሰ?»

«ደረሰ፣ አጎቴ።»

«እንግዲያው ይህንንም ኮንቴይነር ጣይውና የሚተካውን ልየው!»

ልጅቱ ኮንቴይነሩን አጥፍታ ሌላ አስነሣች፤ አዲሱም ማንም ሳይነካው መልእክቱን ማንበብ ጀመረ። አዛውንቱ ይህን ሲመለከቱ ስልካቸው ጮኸ። አለቃቸው ነበር፤ የካርድ ክፍሉን ፕሮግራም ገብተው በእጃቸው ነካ እንዲያደርጉት ለመነ።

«አልነካም!» አሉ እየጮኹ። «በመመሪያው ይጻፋል፣ ኢሜጁ ይገነባል፣ ይፈተናል፣ ከዚያ ይነሣል። ስንፈትነው የሠራው እዚህም ያው ይሠራል፤ ቢበላሽ ወደ ቀድሞው ኢሜጅ እንመለሳለን፤ እኔ ብታመም ሌላው ይሠራዋል። ዛሬ ሰው ያስጠበቀው የእኔ ጥድፊያ ነው!»

ስልኩን ዘግተው ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ወደ ኮንቴይነሮቹ የምገባበትን ፈቃድ ሰርዥው።»

«የእርስዎን?»

«በተለይ የእኔን! ጥድፊያ የለመደ እጅ በር ካገኘ ይገባል።»

ሰረዘችው። የአዛውንቱ ቁጣ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልበረደም።